ጓሳን ማን ይጠብቅ?

ከመሐል ሜዳ ተነስተን ጓሳ ወጣን። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ያለ ውርጫም ደጋ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ጭላዳ በመንጋ ሲግጥ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን አየን።

ሜዳውን የሸፈነው ሣርም ስሙ ጓሳ ነው። ጣራ ይከደንበታል፤ ገመድም ይወጣዋል። የመንዝ ሰዎች ሣሩን ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት ጠበቁት። ሣሩ ለ3 ዓመትና ከዚያም በላይ ይከለከል ነበር። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ሁሉም ያጭዳል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣና ቄሮ ቀረ። መሬቱ የሁሉም ሆነ፤ ጠባቂ ግን አጣ። ሁሉም ገባበት፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ መከረና ጥበቃውን በኮሚቴ መለሰ። ለአገር ጎብኚም ማረፊያ ቤት ተሠራ።

ታዲያ ጎብኚ ገንዘብ ብቻ አያመጣም። ተከትሎት የመጣ ውሻ ቀበሮውን በእብደት በሽታ ሊጨርስ ይችላል። ትቶት የሄደው እሳት ሣሩን ያነዳል። ጎብኚው የት ይደር? በየት ይሂድ? ገንዘቡስ ምን ይሠራበት? ይህን መወሰን ያለበት ሣሩን የጠበቀው ሕዝብ ነው።

ወገኖች፣ በእናንተስ አገር የጋራ ደን ወይም ፏፏቴ የለም? ደንቡ ሲጻፍ በስብሰባው ተገኙ። የገንዘቡን መዝገብ ጠይቁ። አሁን እኮ ፊደል ቆጥራችኋል፤ ራሳችሁ አንብቡት።