ላልቶና ጠብቆ

አማርኛችን በፊደሉ የማይገልጠው አንድ ምስጢር አለው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰን ጊዜ፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና»ም እንዲሁ ነው፤ ላልቶ በውኃ ውስጥ የሚደረገውን፣ ጠብቆ ከሁሉ የሚበልጠውን ይናገራል። ፊደሉ ግን አንድ ነው፤ ልኩን የሚያውቀው የአንባቢው ጆሮ ብቻ ነው። ይህንኑ ምስጢር ከሰዋስው ውጭ ያየሁት ቦንጋ ውስጥ፣ አንድ መካኒክ የመኪና በር ብሎን ሲያጠብቅ ነው።

ወደ ገጠር የምንጓዝበት አሮጌ ሚኒባስ የጋቢናው በር በኃይል ካልተወረወረ አይዘጋም ነበር። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው እናት በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በሌላው እጀታውን ጨብጣለች።

«አይዞሽ እኅቴ፣ ይይዛል» አላት ሾፌሩ።

«ወንድሜ፣ አንተ መሪውን ያዝ፤ እኔ ልጄን ልያዝ፤ በሩን ማን ይያዝልን?»

ሾፌሩ መልስ አልነበረውም። መኪናውን ወደ ጋራዥ መለሰ።

የመኪና በር ጠርዝ ላይ እንደ መንጋጋ የሚከፈትና የሚዘጋ መያዣ አለ፤ ከትይዩው ባለው ምሰሶ ላይ ደግሞ በብሎን የታሰረ የብረት ቀለበት። መንጋጋው ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ይነክሰዋል፤ መጀመሪያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሙሉ። የቀለበቱ ብሎኖች ሲላሉ ቀለበቱ ከስፍራው ይሸሻል፤ መንጋጋውም በግማሹ ይቀራል። በግማሽ የተያዘ በር የተዘጋ ይመስላል፤ አደጋውም መምሰሉ ነው።

መካኒኩ አልቸኮሉም። የካፋ ዝናብ ያዛገውን የብሎን ራስ ጠረጉ፤ ዘይት ጠብ አደረጉበት፤ የቀለበቱን ዙሪያ በእርሳስ አሠመሩ። ከዚያ ካቻቢቴዎችን አንድ በአንድ ሞከሩ።

«የጃፓን ብሎን መስቀሉ ከሌላው ጥቂት ይለያል፤ ያልገጠመ ካቻቢቴ እያዳለጠ ራሱን ይበላዋል» አሉት ለረዳታቸው።

ሁለቱን ብሎኖች በአንድ ጊዜ አላወጡም፤ ከበስተጀርባ ያለው ባለጥርስ ብረት ምሰሶው ውስጥ ሊንሸራተት ይችላልና። ቀለበቱን ካስተካከሉ በኋላ ጥርስ ከጥርስ እንዳይጣላ መጀመሪያ በጣታቸው አዞሩ፤ ቀጥሎ በካቻቢቴው ተጭነው እያፈራረቁ አጠበቁ። ረዳቱ ሊጨምር እጁን ሲሰድ ያዙት።

«በቃው፣ ልጄ።»

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጅማት ጥቂት ይለጠጣል፤ የሚይዘውም ወደ ነበረበት ለመመለስ በሚያደርገው ትግል ነው። ከአቅሙ በላይ ሲዞር ግን ተለጥጦ ይቀራል፤ ወይ ጥርሱ ይበላል፤ ወይ አንገቱ ይበጠሳል። አምራቾች ልኩን በመመሪያቸው በቁጥር ያሰፍራሉ፤ በቁጥር የሚያጠብቅ መፍቻም አለ። በዚያ ጋራዥ ግን ቁጥሩን የሚያውቀው እጅ ነበር።

በሩ በቀስታ ሲገፋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። እናቲቱ ልጇን በሁለት እጇ አቀፈች።

እኔ በሙያዬ ባንክ ቤት ብር የማስር ሰው ነኝ። ላስቲኩ ከላላ እስሩ ይበተናል፤ ከልኩ ካለፈ የብሩን ጠርዝ ይቆርጣል። ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ አስራለሁ፤ እዚያም ጣጣው ያው ነው። ቤት ለመምታት ከመጠን በላይ የተጠመዘዘ ቃል እንደ ተበላ ብሎን ባዶውን ይዞራል።

ካፋም ይህን ልክ ታውቀዋለች። ደኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅ ቢባልም እንደ ካዝና አልተከረቸመም፤ እምብርቱ ሲከለል፣ በዙሪያው ነዋሪው የደን ቡናውን ይለቅማል፤ ማሩን ይቆርጣል። ፈጽሞ ቢላላ ደኑ ያልቃል፤ ፈጽሞ ቢጠብቅ ሰውና ደን ይቆራረጣሉ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። «ብ»ን ሲያላሉት ብሎኑ ይጠብቃል፤ ሲያጠብቁት ሰውን ይጠብቃል። ብሎን የምናጠብቀው ለዚህ ለሁለተኛው ንባብ ነው።