የቃላት ርቀት

አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ የምታጠና አንዲት ወጣት ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር፣ ከዲግሪው ጎን ለጎን አንድ የውጭ አገር ቋንቋ ለመማር ቆረጠች። የትኛውን እንደምትማር ግን ገና አልለየችም ነበር። መካሪ አልጠፋም። አባቷ «ሥራው ያለው ቻይናዎች ዘንድ ነው» አሉ። ጓደኞቿ አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ እንደማይጠይቁ እያነሡ ጀርመንኛን አወደሱ። አንድ መምህሯ ደግሞ፣ የፕሮግራም ትእዛዛት በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ቃላት በመሆኑ፣ እሱኑ ብታጠነክር ይበቃታል ባይ ነበሩ። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ምክሩ ሁሉ ቋንቋው ስለሚያስገኘው ጥቅም እንጂ፣ በቋንቋው ከማን ጋር እንደምትነጋገር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የአማርኛን የፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም መሥራት ጀምራ ነበር። የተጠቀመችበት ስሌት አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መጣል ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል፤ ቁጥሩም በቃላቱ መካከል ያለው ርቀት ይባላል። መሠረቱ የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 በሩሲያኛ ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝኛ ስለ ወጣ፣ ለሥራዋ ሲባል ሩሲያኛ መማር አያስፈልጋትም ነበር።

ቢሆንም መጀመሪያ የተጻፈበትን ቋንቋ ድምፅ ለመስማት ጓጉታ ለአጎቷ ወሰደችላቸው። አጎቷ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በያኔዋ ሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ምሕንድስና ተምረው የተመለሱ ናቸው። በሩሲያኛ ያወጓቸው የነበሩ ጓደኞቻቸው ከፊሎቹ ሞተዋል፤ ከፊሎቹ ተሰደዋል። መነጽራቸውን አድርገው ርዕሱን ማንበብ እንደ ጀመሩ አንድ ቃል ትርጉሙ ጠፋባቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ሰው የማያነጋግሩበት ቋንቋ፣ ልጄ፣ እንዳልተሳለ ቢላዋ ይዶለዱማል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም ስለ ሥራዋ ጠየቋት። «ይህ ስሌትሽ ‹ሰላም›ን ከ‹ሠላም› ያራርቃል?»

«አዎን፣ ጋሼ፤ በአንድ ፊደል።»

«ለጆሮ እኮ አንድ ናቸው።»

እውነት ነበር። ስሌቱ ፊደል ይቆጥራል እንጂ፣ በአማርኛ ንባብ «ሰ»ና «ሠ»፣ «ጸ»ና «ፀ» አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ያን የሚያስተምረው ቋንቋውን በአፉ የያዘ ሰው ነው። ወጣቷም ምርጫዋን ያደረገች በዚያ ምሽት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቷ ሩሲያኛ ያስተምሯት ጀመር፤ እሳቸውም በበኩላቸው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን የአማርኛ ፊደላት እየዘረዘሩ ለፕሮግራሟ ያቀርቡላታል። ገበያ የመከራት ቋንቋ ሊጠቅማት ይችል ነበር፤ ይህኛው ግን የሚጠብቃት ሰው ነበረው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ሳትቀመጥ የጠፋባቸውን ቃል ነገሯት። «ቪፓዴኒዬ» ነበር፤ የፊደል መውደቅ፣ መጉደል ማለት ነው።