ሶዶ ሲደርሱ ጨርቁን ገልብጠው ይዩት

ወላይታ ሶዶ ለመሄድ ካሰቡ ማልደው ይነሱ። ከአዲስ አበባ በሆሳዕናና በአረካ በኩል መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልጆች ከያዙ ደግሞ መቆሚያው ይበዛል። አረካን አልፈው ሲጠጉ ዳሞታ ተራራ ይታይዎታል፤ ከተማዋ ከግርጌው ናት። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጥሬ ሥጋውን በዳጣ በልቶ ወደ አርባ ምንጭ ይቀጥላል። እርስዎ ግን ግማሽ ቀን ይቆዩና ሸማኔ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይጠይቁ።

እኔ የገባሁበት ቤት ታፔላ እንኳ የለውም። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው በእግራቸው መርገጫውን፣ በእጃቸው መወርወሪያውን ይዘዋል። ድሩ ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ተሰልፏል፤ የወላይታ መለያ የሆነው ዱንጉዛ ነው። ንድፍ አውጪውም፣ ሠሪውም፣ ሻጩም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«መስከረም ላይ ጊፋታ ሲደርስ እንቅልፍ የለም፣ እህቴ። ከዚያ በኋላ ግን እጅ ሥራ ይፈታል።»

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ሰሞን ዱንጉዛ የማይለብስ የለም። የቀሩትን ወራት የሚሞላው የሩቅ ደንበኛ ነው። የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊዎች ለሙሽራና ለሚዜ ጥለት ያዛሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ የሶፋ ትራስና መጋረጃ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ አዲስ ጠያቂ ጋሼ ትንሽ ናሙና ይሠራሉ፤ ጥቁሩን ያሰፋሉ፣ ቢጫውን ያቀጥናሉ፣ ልጃቸው ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። ክሩም ጊዜውም ከኪሳቸው ነው። ከሦስት ጠያቂ አንዱ ቢያዝ ደስታቸው ነው።

ችግሩም ከዚያው ፎቶ ይመጣል። አንድ ጊዜ የላኩት ናሙና ትእዛዝ ሳይሆን ቀረ። ከወራት በኋላ ያው አሰላለፍ በማሽን ታትሞ ገበያ ላይ አዩት፤ ዋጋው የእሳቸውን ክር እንኳ አይሸፍንም። የሦስቱ ቀለማት ዱንጉዛ የሕዝብ ነው፣ የአንድ ሰው ሊሆን አይችልም። አዲስ የተፈጠረ ንድፍ ግን ሌላ ነገር ነው፦ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የተመዘገበ የኢንዱስትሪ ንድፍን ለ5 ዓመት ይጠብቃል፣ ሁለት ጊዜም በ5 በ5 ዓመት ይታደሳል። ታዲያ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የሚውል ሰው ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ አበባ እየተመላለሰ ያስመዝግብ? እኔ አይመስለኝም። ለጊዜው የሚጠብቃቸው የገዢው ዓይን ነው።

ስለዚህ ሲገዙ ጨርቁን ገልብጡት። የተሸመነ ከሆነ ቀለሙ ከኋላም ያው ነው፤ የታተመው ከጀርባው ደብዘዝ ይላል። ሁለቱ ቁራጭ የተጋጠመበትን ስፌትም ይዩ፤ ጥሩ ሸማኔ መስመሩን ያገናኛል። ዋጋ ይከራከሩ፣ ነውር የለውም፤ ግን የታተመውን ዋጋ እየጠሩ አይሁን።

ለልጅዎ ምረቃ ወይም ለሳሎንዎ የሚያዙ ከሆነ ልኩን ከቤት ለክተው ይሂዱ፣ ቀለሙን ከሸማኔው ጋር ይምረጡ፣ ቀብድ ይክፈሉ። ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ ካልደረሰ አይጨነቁ። ጋሼ የእኔን የላኩልኝ በአውቶቡስ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ከተረፈው ክር አስረው።