አምስተኛ ማርሽ

ግንቦት 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አብደራፊ

ካምቢዮው ደረሰ። ከሱማሌ ተራ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር በሳንጃ በኩል በአይሱዙ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል። ባለ 5 ማርሽ። በመንገድ ላይ ዘይት አንጠባጥቧል፤ የሽንኩርቱ ባለቤት ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እጄን ከትቼ ጥርሶቹን ዳሰስኩ። የተሸረፈ ያለ አይመስልም። አይመስልም ነው እንግዲህ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ መፍቻ በእጅ አይያዝም።

ግንቦት 17

አሮጌው ወረደ። የኒሙ ቅርንጫፍ ፓራንኮውን ቻለ። 3ኛ ማርሽ ለምን እየዘለለ ይወጣ እንደነበር አሁን ታየ፤ ጥርሱ ተበልቶ ሾሏል። መለዋወጫ የለውም።

መካኒኩ መኪናዋ በ77ቱ ድርቅ እህል ልትጭን ከመጡት አንዷ ናት ይላል። ወረቀቷ ላይ የለም። ጃፓኖች ይህን ባለ 40 ላንድክሩዘር መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ያው የድርቁ ሰሞን። ሊሆን ይችላል።

ግንቦት 18፣ ቅዳሜ

ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተን ለካን። አዲሱ (አዲስ ልበለው እንጂ) ይረዝማል። ፊቱ ገጠመ። ጭራው ግን አሮጌው ያርፍበት የነበረውን ተሻጋሪ ብረት አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ብረቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የኋላው ካርዳን ይቆረጣል፣ የፊቱ ይቀጠላል። ይህን ጠብቀነው ነበር።

ያልጠበቅነው ቁልቁለቱን ነው። ዓምና ባሌስትራ ደርበን ካስነሳናት ወዲህ ካርዳኑ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚወርደው። ባጠረ ቁጥር ይብሳል። ክሮቸራ መብላቷም ከዚያ ይመስለኛል።

ማታ ኳስ። ሻይ ቤቱ ከፍጥር በኋላ ሞልቶ። ሳላህ ትከሻውን ይዞ እያለቀሰ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ኳስ አየ። ማድሪድ 3 ለ 1።

ግንቦት 20

በዓል። ጾምም ዛሬ ገባ። በያጁ የለም።

መካኒኩ፣ ተሻጋሪውን ብረት ዝቅ አድርገን እንሥራው አለ። የካምቢዮው ጭራ ሲወርድ የካርዳኑ ቁልቁለት ይቀንሳል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫም በዚያው ልክ ቀና እንዲል ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልተጠማዘዙ ይንቀጠቀጣል። ገባኝ። ግን ያስነሳናት እኮ ሆዷ ዋልካ እንዳይነካ ነው። በባሌስትራ የገዛሁትን ከፍታ በብረቱ ልመልሰው?

“ጋሼ፣ መንቀጥቀጥ ይሻልዎታል መስጠም?” አለኝ።

ሐምሌ ላይ ቢጠይቀኝ መልሱ ቀላል ነበር። አሁን መሬቱ ደረቅ ነው፤ ዝም አልኩ።

ግንቦት 22

ካርዳኖቹ ጎንደር፣ ቶርኖ ቤት። ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልተበየዱ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በቀይ ቀለም አሰመርኩ፣ በወረቀትም ጻፍኩ።

አቧራ። ከሰዓት በኋላ ማይካድራ መንገድ ላይ ምንም አይታይም።

ግንቦት 25

ከእርሻ አንድ ሳሉግ በትራክተር ተጎታች አመጡ። ትኩሳቱ ሰንብቷል፤ በግራ ጎኑ ሆዱ ተነፍቷል። ካላዛር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋ ገባ። ከሆነ 17 ቀን በመርፌ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተጎታች ላይ ተንገላቷል። መኪናዋ ኒሙ ሥር ሆዷን ከፍታ ቆማለች።

ግንቦት 28

መብራት የለም። በጄኔሬተር ተበየደ። ብረቱ ከወደቀ አይሱዙ ሻንሲ የተቆረጠ ነው። ከሻንሲው ጋር በቀጥታ እንበይደው ብል መካኒኩ እምቢ አለ፤ በብየዳ የተቃጠለ ሻንሲ ዳሩ ላይ ይሰነጠቃል፣ በቡሎን ይታሰር። ታሰረ። ጎሚኒው አሮጌ ነው፤ አዲስ አልተገኘም።

ዝቅታው አንድ ጣት ብቻ። ተስማማን። ለካርዳኑም ለዋልካውም የማይበቃ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሰኔ 1

ካርዳኖቹ መጡ። ቀዩ መስመር ገጥሟል። ምሽት ላይ በአርማጭሆ ደጋ በኩል መብረቅ፣ ድምፅ የለውም።

ሰኔ 5

ወጣች! በአብርሃጅራ መንገድ ሞከርኳት። 5ኛ ሲገባ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከመስኮቱ ነፋስ ይሰማል። በዚህች መኪና ነፋስ ሰምቼ አላውቅም።

ከ60 በላይ ግን ከሥር አንድ ነገር ያጉረመርማል። ዘሩን ጭኜ ስሄድ የለም። መካኒኩ አልገረመውም፤ ጭነት ባሌስትራውን ሲያስተኛው ካርዳኑ ይቃናል። ባዶዋን አትሂድ ማለት ነው? ከእርሻ ስመለስ ምን ልጭን?

ሰኔ 8

ኢድ። ሌሊቱን ዘነበ፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ። የመሬቱ ስንጥቅ ሁሉ ተዘግቷል። ጎረቤት ቤት በላን፤ እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ሽሮ ለብቻ ሠርተውልኛል። ግብፅ በ89ኛው ደቂቃ ተቆጠረባት። ሳላህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ።

ሰኔ 10

ዘር ጭኜ ወደ እርሻ። በባለ ሁለት ዲፈረንሻል ገባሁ፣ ወጣሁ። ትራክተር አልጠራሁም። መለስ ብዬ ሳይ ተሻጋሪው ብረት ላይ ቀለሙ ተላጧል። እዚያ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም፤ ጉቶ ይሆናል። ዓምና በነበረው ከፍታ ይነካው ነበር? አንድ ጣት ናት።

መካኒኩ ከሥር ተኝቶ አየ። “ሽብልቁን እናወፍረው፤ ብረቱንም ወደ ላይ እንመልሰው” አለ። ሁለት ቀን ይፈጃል። ሰኔ ሚካኤል ከነገ ወዲያ ነው፤ ገና ያልገባ ሰሊጥ አለ። ዘሩ ይግባ፣ ከዚያ እናያለን አልኩት።

“ጎሚኒውን ግን ዛሬውኑ ያስመጡ።”

ጎንደር ደወልኩ።