«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

ይህ ቻናል ስለ ፖለቲካና ስለ ገበያ የሚጻፍበት መሆኑን አልረሳሁም። ዛሬ ግን ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ ልጽፍ ነው። «ይሄማ የስብከት ቻናል ወሬ ነው» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ባለፉት ዓመታት ከዶላርና ከጦርነት ወሬ ቀጥሎ በዚህች ከተማ አብዝቼ የሰማሁት ቃል «ለበጎ ነው» የሚለው ነው፤ ስለዚህ ርዕሱ ወቅታዊ ነው ባይ ነኝ።

ሥራህ ተዘጋ? ለበጎ ነው። ቤትህ ለመንገድ ፈረሰ? ለበጎ ነው። እህትህ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን ተመለሰች? እሱም ለበጎ ነው። ከዐውደ ምሕረት ይባላል፣ ከአዳራሽ መድረክ ይባላል፣ ታክሲ ውስጥም ይባላል። የሚሉት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለጠፋቸው ነው። ግን የተጎዳ ሰው ጆሮ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የእኔን ላውጋችሁ። እሠራበት የነበረው ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ «በጀት የለም» ተብሎ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ፣ ክፍያውም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ የሚደርሰኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ የአባዬ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸው ተነገረን። እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት። ገንዘብ ሲያጥር ሦስቱ ሁለት ይሆናል። ሁለት የሆነበትን ሳምንት ካላንደር ሳላይ፣ ከአባዬ እግር እብጠት አውቀው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ባልደረቦቼ ትንታኔ ይጽፉ ነበር። እኔ የማስበው የማጠቢያው ማጣሪያም መርፌውም ከውጭ የሚገባ መሆኑን ነበር። ካሜራዬን የሸጥኩት በዚያው ክረምት ነው።

በእነዚያ ወራት «ፈተና ያሳድጋል» ያሉኝን ሰዎች ብዛት አልቆጠርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ መከራ በራሱ ሰውን ሲያሳድግ አላየሁም። የእጥበት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ወንድማማቾች በክፍያ ተጣልተው ሲለያዩ አይቻለሁ። ደግ የነበረ ሰው ጨካኝ ሲሆንም አይቻለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ መከራና ተስፋን ያገናኛል፤ ግን አያጣብቃቸውም። በመካከላቸው ትዕግሥት አለ፣ ተፈትኖ መገኘት አለ፤ ተስፋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ መሐሉን ዘለን ገና ድንኳኑ ሳይተከል ተስፋውን እንጠይቃለን።

የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ከእኛ ይሻሉ ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተወቀሱት እነሱ ናቸው፤ ሲያማርር የከረመው ኢዮብ ትክክል ተናገረ ተባለ። ይህን የሚሰብክ ሰው ለምን እንደማይበዛ ይገርመኛል።

ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። እዚያ ከአስታማሚዎቹ መካከል አንድ የመርካቶ ነጋዴ ነበሩ፤ ሚስታቸውን ነው የሚያመጡት። የዙሁር ሰላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ «አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ፣ ጋሼን እኔ አያቸዋለሁ» ይሉኝ ነበር። እንዲያ ብለው በፈቱኝ ሰዓት የጻፍኳቸው ጽሑፎች ናቸው የእጥበቱን ብር የከፈሉት። አንዲት እናት ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ይዘው ይመጣሉ። ማንም ለማንም «ለበጎ ነው» አላለም። ምክንያቱን ባላውቅም እዚያ ቦታ ቃሉ አይነገርም ነበር።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ስለተኛው በሽተኛ የሚነበብበት ሳምንት ነው። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ ስለ በሽታው አንድም ነገር አልመለሰም። የመለሰው ወደ ውኃው የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በ2017ቱ ጾም ከኮሪደሩ ተነሥቼ ሄጄ ስሰማው ግን የሰውየው ቅሬታ ምን እንደሆነ ገባኝ። 38 ዓመት ያስለቀሰው ሰው ማጣቱ ነው። እኔ ሰው ነበረኝ። ያውም የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ የክርስቶስን ሥራ እየሠራልኝ።

አባዬ ያረፈው በዚያው ዓመት፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ሌሊት ነው።

የኦርቶዶክስ ሥርዓት የማታውቁ ካላችሁ፣ በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። ከበሮ አይመታም፣ ሰው በመሳሳም ሰላምታ አይሰጣጥም፣ ቀኑ በስግደትና በ«ኪርያላይሶን» ያልፋል። የሞተ ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበራል። እናቴ ይህ ነገር ከሞቱ እኩል አሳዘናት፤ «እንደ ሌላ ሰው እንኳ አልተሸኘም» እያለች አለቀሰች። ያጽናኗት የንስሐ አባታችን ናቸው። «ልጄ፣ የሱ ፍትሐት እሑድ ተደርጓል» አሏት።

እውነታቸውን ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ያን እሑድ ዘንባባዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ጸሎቱንም ሰምቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። አባዬ በዚያ ሰዓት ቤት ተኝቶ ይተነፍስ ነበር። ማን እንደሚሞት ሳታውቅ ለሚሞተው ቀድማ የምትጸልይ ቤተ ክርስቲያን፣ «ለምን ሞተ» ለሚለው ጥያቄዬ መልስ አልሰጠችኝም። ግን ሐዘኔ ገና ሳይደርስ ቦታ ተይዞለት ነበር። ትንሣኤ በአምስተኛው ቀን ሲመጣ ጥቁር ለብሰን ነው የተቀበልነው። ደስ አለን አልልም፤ ግን ጾሙን ፈታን። ጎረቤት ዶሮ ወጡን ይዞ መጥቶ አብሮን በላ።

ፍትሐቱም መቃብሩም የተነፈጋቸው እንዳሉ አውቃለሁ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ተገርፈው 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። የባላቸውን መቃብር ሳያውቁ ታስረው፣ ሳያውቁ ተፈቱ። እምነታቸውን ይዘው ነው የወጡት። ለእኚህ ሴት በእስር ቤቱ በር በኩል «ለበጎ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ሲመሰክሩ ግን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አንዱ ቃል በባለቤቱ አፍ ምስክርነት ነው፣ በሌላ ሰው አፍ ስድብ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ለቅሶ ቤት የምንለው ቃል የተሻለ ነው። «ያጽናችሁ» እንላለን። ምክንያት አይሰጥም፣ ወደፊት ስለሚሆነውም ቃል አይገባም። እንዳትወድቁ ይያዛችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ሰው ቁጭ ይላል፣ ንፍሮ ይመጣል፣ እድርተኛው ድንኳኑን ይጠብቃል። አያቶቻችን ይህን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ የኢዮብን ሰባት ቀን በደንብ ያነበበ ሰው ይመስለኛል።

«ታዲያ አድገሃል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ከተፈናቃዮች መጠለያ ስዘግብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ደረሰብዎት?» ነበር። አሁን «ከማን ጋር ነው ያሉት?» እላለሁ። መልሱ ይረዝማል፤ አርታኢዎች አይወዱትም።

ከአስታማሚዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ አልወጣሁም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እናቷ እጥበት ልትጀምር መሆኑን ጽፋ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች። ነጋዴው ቀድመው መለሱላት፦ ብርድ ልብስ፣ ክፍሉ ይበርዳል። እኔ ፔርሙስ ጨመርኩ። ለራስሽም ምሳ ቋጥሪ፣ አራት ሰዓት ረጅም ነው አልናት።