ጣሪያና ወለል

ፅኑ ሕሙማን ክፍል የተመደብኩት ገና እንደተመረቅሁ ነበር። ታማሚን የሚያስተነፍሰውን ማሽን፣ ቬንትሌተርን፣ እስከዚያ ድረስ የማውቀው በመጽሐፍ ነበር። የተቀበሉኝ ነባር ሲስተር ማስተማር የጀመሩት ከአላርሙ ነበር። «ማስተንፈሱን ማሽኑ ያውቅበታል፤ ሲጮህ ምን እያለ እንደሆነ መረዳት ግን ያንቺ ፈንታ ነው» አሉኝ።

ፈረቃ ስንረካከብ መጀመሪያ የሚያስነብቡኝ የአላርም ወሰኖቹን ነው። የግፊቱ ጣሪያ ስንት ነው? በደቂቃ የሚገባው አየር ወለልስ? ማሽኑ ይዞት የመጣውን ቁጥር እንዳለ መተው አይወዱም። ግፊቱ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለሆነ ታማሚ ጣሪያውን 35 አካባቢ ያደርጉታል። «በጣም ካራቅሽው አደጋ ደርሶም ዝም ይላል። በጣም ካቀረብሽው ታማሚው ባሳለ ቁጥር ይጮህና ጆሯችን ይለምደዋል። የለመደ ጆሮ ደግሞ አይሰማም» ይሉ ነበር።

አንድ ሌሊት የሳንባ ምች ያለባቸው አባት ማሽን ቀዩን መብራት እያብለጨለጨ ጮኸ። ግፊቱ ጣሪያውን፣ 40ን ነክቷል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ሳንባው እንዳይጎዳ መንፋቱን እዚያው ያቋርጥና ማስወጫውን ይከፍታል። ታማሚውን ይጠብቃል፤ ግን የታዘዘለት አየር ሳይሞላ ይቀራል። ወዲያው የአየር መጠን ማነሱን የሚናገረው ሁለተኛው አላርም ተከተለ።

ሲስተር የታማሚውን ደረት ግራና ቀኝ አዩ፤ እኩል ይነሳል። በማዳመጫ ሰሙ። ቱቦውን ከአፍ ጀምረው በእጃቸው ተከተሉት፤ አልተነከሰም፣ አልታጠፈም። በመምጠጫ (ሳክሽን) ሲስቡ ወፍራም አክታ ወጣ፤ ግፊቱም ወደ 26 ወረደ። ከዚያ በኋላ አራቱን ጥያቄዎች በቃሌ አስያዙኝ፦ ቱቦው ከቦታው ወጥቷል? ተዘግቷል? ከሳንባው ውጭ አየር ተጠራቅሟል? ወይስ ማሽኑ ራሱ ተበላሽቷል? ምክንያቱ ሳይገኝ ኦክስጅኑ እየወረደ ከሄደ፣ ታማሚውን ከማሽኑ ነቅሎ በእጅ በሚጨመቀው ከረጢት፣ በአምቡ ባግ፣ ማስተንፈስ ነው። ስለዚህ አምቡ ባግ ከየአልጋው ራስጌ እንዳይጠፋ ይቆጣጠሩ ነበር።

በሌላ ቀን የማሽኑ ቱቦዎች እስኪቀየሩ አምቡውን ለእኔ ሰጡኝ። «ዝም ብለሽ አትጭመቂ፤ እጅሽ ይስማው» አሉኝ። ለስላሳ ሳንባ እንዴት እንደሚቀበል፣ አክታ ሲይዘው እንዴት እንደሚገፋ መዳፌ ለየው። 25 እና 40 ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ የእጅ ስሜት ሆኑ።

በኋላ የኮፐንሀገንን ታሪክ ሳነብ የሲስተር ትምህርት ይበልጥ ገባኝ። በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፖሊዮ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ፣ ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ታማሚዎችን በእጅ ማስተንፈስ አስጀመረ። የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ከረጢት ጨመቁ። አላርም አልነበራቸውም፤ መዳፋቸውና ዓይናቸው ነበር ወሰኑን የሚነግራቸው። ዛሬ በስክሪኑ ላይ የምንሞላው ጣሪያና ወለል ያ መዳፍ ያውቀው የነበረው ነገር ነው።

ሲስተር ድምፅ ማጥፊያውን የሚነኩት ታማሚውን ካዩ በኋላ ብቻ ነበር። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ነው የሚጠፋው፤ ምክንያቱን ሳያገኙም ከአልጋው አይርቁም። ሲጨርሱ ወደ በሩ ይሄዳሉ። በር ላይ ጩኸቱን ሰምተው የደነገጡ አስታማሚዎች ቆመዋል። «አክታ ዘግቶት ነበር፤ አውጥተንለታል፤ አሁን ደህና ይተነፍሳል» ይሏቸዋል። ለአላርም የምንሰጠው ምላሽ የመጨረሻ እርምጃ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳልዘለው እሠራበታለሁ።