ወንዙን ተከትለን፦ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል

አዲስ አበባ የወንዞች ከተማ ናት። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎችም ጅረቶች ከሰሜን ተራሮች ወርደው ከተማይቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ውሃቸውን የሚሰበስቡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ በስተደቡብ፣ አባ ሳሙኤል በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይጓዛሉ።

ይህን መንገድ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሲሉ የሚመላለሱበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ቦቲ ጫማና ጓንት አድርገው፣ መረብና የናሙና ጠርሙስ ይዘው ከላይ ይጀምራሉ። በእንጦጦ ግርጌ ድንጋይ ሲገለብጡ ብዙ ኦክስጅን የሚሹ የልዩ ልዩ ነፍሳት እጮች ያገኛሉ። ወደ መሀል ከተማ ሲወርዱ እነዚህ ይጠፉና ቆሻሻን የሚቋቋሙ፣ ትል የሚመስሉ ቀያይ የትንኝ እጮች ይበዛሉ። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታልና።

እጮቹን መቁጠር ለምን አስፈለገ? በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚመሰክረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። ፋብሪካ ሌሊት የለቀቀው ፍሳሽ እስኪነጋ ሊያልፍ ይችላል። እጭ ግን ለሳምንታት ብሎም ለወራት እዚያው ይኖራልና ያለፈውንም ይመሰክራል።

ዓሊሞች እንዳስተማሩን ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ለጦሃራ አይሆንም። በትንሹ አቃቂ ዳር በብዙ ቦታ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ አፍንጫ ይበቃል። ዓይንና አፍንጫ የማይደርሱበት ግን አለ። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮምየም ከአፈር ወደ ተክል ሊገባ ይችላል። በወንዙ ዳር፣ መካኒሳን በመሳሰሉ ስፍራዎች፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በዚሁ ውሃ ሲለማ ኖሯል። በአትክልቶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶች አግኝተዋል።

እናቶች ሆይ! አትክልትን በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ጎመንና ቆስጣን አብስሎ መብላት ጀርሞችን ይከላከላል። ቅጠሉ ውስጥ የገባን ብረት ግን እጥበትም እሳትም አያወጣውም። መፍትሔው ከምንጩ፣ ማለትም ከፋብሪካውና ከየቤታችን ቱቦ ይጀምራል። በ2011 ዓ.ል. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነበር። ዳርቻው አምሮ ውሃው ካልጸዳ ግን እጮቹ አይመለሱም።

ወጣቶች ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ስፍራ መጸዳዳትን ከልክለዋል። በሰፈራችሁ የሚያልፈውን ጅረት ስም ታውቃላችሁን? ከየት ተነስቶ የማንን ማሳ እንደሚያጠጣስ? ከዚህ ጀምሩ። አላህ ያግዛችሁ።